ታድሶ የተመለሰ የታንክ ክፍል ለምን ደግሞ ይበላሻል? ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ቲ-55 ታንክ ለኢትዮጵያ ታንከኞችና መካኒኮች እንግዳ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ፣ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ፣ ከሶቪየት ኅብረት በብዛት ገብቷል። ባለ 12 ሲሊንደር የናፍታ ሞተሩ 38.8 ሊትር ይዘት ያለው ሲሆን 580 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ በአግባቡ ከተያዘም ደጋግሞ ሊታደስ የሚችል ነው። የሚያሳዝነው ከከባድ ጥገና የወጣ ሞተር ብዙ ሳይሠራ ያንኑ ሕመም ይዞ ሲመለስ ነው። እንደ እኔ እምነት የዚህ ዋናው ምክንያት የተጎዳው ክፍል ጉዳቱን ካደረሰበት ክፍል ተነጥሎ መታደሱ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ሁሉ በዚህ ዓይን የታዩ ናቸው።

ሰማያዊ ጭስና የዘይት ቶሎ ማለቅ

የታደሰው ሞተር ያለጊዜው ሰማያዊ ጭስ ማውጣትና ዘይት መጨረስ ከጀመረ፣ ፋሻዎቹን (በፒስተኑ ዙሪያ ያሉትን ቀለበቶች) ከመለወጥ በፊት ሲሊንደሩ የተበላበትን ሁኔታ መመርመር ያስፈልጋል። ሲሊንደሩ በተለያየ ከፍታና በሁለት አቅጣጫ ሲለካ ከላይ፣ የመጀመሪያው ፋሻ በሚመለስበት ቦታ አብልጦ ተበልቶ ከተገኘና በዘይቱ ናሙና ውስጥ የሲሊኮንና የብረት መጠን አብሮ ከፍ ካለ፣ መንስኤው አቧራ ነው። አቧራው ደግሞ ሁልጊዜ በማጣሪያው ውስጥ አልፎ አይገባም፤ ከማጣሪያው እስከ ሞተሩ ባለው መስመር በላላ ማሰሪያ ወይም በደረቀ ጎሚኒ በኩልም ይሾልካል። ሞተሩ ብቻውን ተነቅሎ ወደ እድሳት ማዕከል ሲላክ ማጣሪያው ታንኩ ውስጥ ስለሚቀር፣ የታደሰው ሞተር ተመልሶ ያንኑ አቧራ ይስባል።

መፍትሄው ማጣሪያው፣ ቱቦዎቹና ማሸጊያዎቹ ከሞተሩ ጋር በአንድ የሥራ ትእዛዝ እንዲላኩ ማድረግ ነው። የማጣሪያው የሽቦ መረቦች በናፍታ ታጥበው፣ ዘይት ውስጥ ተነክረውና ተንጠፍጥፈው ይገጠሙ። ከማጣሪያው በኋላ ያለው ቱቦ ውስጡ በጣት ሲዳሰስ አቧራ ከተገኘበት፣ ቀዳዳው ተፈልጎ ሳይደፈን ሞተሩን ማስነሳት አይገባም።

የዘይት ግፊት መውረድና የብሮንዚን መበላት

የዚህ ሞተር ዘይት የሚቀመጠው በተለየ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ የቀድሞው ሞተር ብሮንዚኖች (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ስስ የብረት መደገፊያዎች) ሲበሉ የወጣው የብረት ቅንጣት በማጠራቀሚያው፣ በማቀዝቀዣውና በቱቦዎቹ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ አዲሱ ሞተር ሲገጠምም በመጀመሪያው ሰዓት ወደ እሱ ይገባል። መስመሩ በሙሉ በሞቀ ዘይት ይታጠብ፤ ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ ያልተቻለ ማቀዝቀዣም ይለወጥ። ከማስነሳት በፊት በኤሌክትሪክ የሚሠራው የቅድመ ቅባት ፓምፕ ጠቋሚው ግፊት እስኪያሳይ ድረስ መሥራት አለበት፤ ይህን መዝለል ጥሩ እድሳትን በደቂቃዎች ውስጥ ያበላሻል።

በመፈተሻው ላይ የጉልበት ማነስ

ይህ ብዙዎችን የሚያሳስት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ። የሞተሩ መመሪያ 580 የፈረስ ጉልበት ይላል፤ በፈተናው ላይ የሚገኘው ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። መፈተሻው ያለባት ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 ከመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደግሞ የሚስበው አየር ባነሰ መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ 460 አካባቢ የሚያሳይ ሞተር ጤናማ ሊሆን ይችላል። ይህን ያልተገነዘበ ሠራተኛ የናፍታውን ፓምፕ ከፍቶ ቁጥሩን ለማሟላት ይሞክራል፤ የተጨመረው ናፍታ የሚያቃጥለው አየር ስለማያገኝ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይንራል፣ የፒስተኑ አናትም ይቃጠላል። ሞተሩ ከጊዜ በኋላ ሲመለስ ስህተቱ «የጥራት ጉድለት» ተብሎ ይመዘገባል።

መፍትሄው በፈተናው ዕለት የአየሩን ግፊትና ሙቀት መዝግቦ ውጤቱን በእነዚህ ማረም ነው። ፓምፑ በራሱ መፈተሻ ላይ በአምራቹ ሠንጠረዥ መሠረት ብቻ ተስተካክሎ ይታሸግ፤ ሞተሩ ላይ ከተገጠመ በኋላ ማኅተሙን መፍታት ይከልከል። ከታረመ በኋላም ጉልበቱ ካነሰ፣ ያን ጊዜ ኖዝሎቹን (ናፍታውን የሚረጩትን አፎች)፣ የናፍታ መርጫ ጊዜውንና ኮምፕረሽኑን (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የአየር እመቃ) በቅደም ተከተል መመርመር ተገቢ ነው።

ሰንሰለትና ቶርሽን ባር

አዲስ ሰንሰለት በጥርሱ (ሰንሰለቱን በሚነዳው ባለጥርስ ጎማ) ላይ የሚንጓጓ ወይም የሚዘል ከሆነ፣ በተበላ ጥርስ ላይ ተገጥሟል ማለት ነው፤ ሁለቱ አብረው ይለወጡ። ጥርሱ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛውሮ ዕድሜውን ማራዘም ይቻላል። ይህ ልማድ ግን ወደ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ የታንኩን ክብደት እንደ ባሌስትራ ወደሚሸከመው ዘንግ) መተላለፍ የለበትም። ቶርሽን ባር በፋብሪካ ሲሠራ በአንድ አቅጣጫ አስቀድሞ ስለሚጠመዘዝ፣ ወደ ሌላው ጎን የተዛወረ ባር ያለጊዜው ይሰበራል። ጫፉ ላይ ያለው የጎን ምልክት ከቀለም በታች ተሰውሮ እንዳይታለፍ ይጸዳ፤ ላዩ ላይ የዝገት ጉድጓድ ወይም የብየዳ ፍንጣቂ ያረፈበት ባር ቀጥ ያለ ቢመስልም ይወገድ።

ክሮም ከተቀባ በኋላ የሚሰነጠቅ ክፍል

የጠነከረ ብረት በክሮም ሲለበጥ ሃይድሮጅን ወደ ውስጡ ስለሚገባ፣ ልኩ ትክክል የሆነ ክፍል ቆይቶ በጭነት ሥር በድንገት ሊሰበር ይችላል። ከልባጤው በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ 190 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሆነ ምድጃ ለሰዓታት መቆየት ይኖርበታል፤ ከዚያም ስንጥቅ በመግነጢስ ዱቄት ይፈለግ። የምድጃው ሰዓትና ሙቀት ያልተጻፈበትን ክፍል የስቶር ኃላፊው ሊረከብ አይገባም።