ሮምን ከጓደኞች ጋር በአንድ ቀን እንዴት መዞር ይቻላል?

ስድስት ሰው መንገድ ዳር ቆሞ "አሁን ወዴት እንሂድ?" እያለ ሲከራከር ግማሽ ቀን ያልቃል። ስለዚህ ለሮም የምመክረው ይህን ነው፦ የመግቢያ ትኬት ቀድማችሁ የምትገዙት ለአንድ ቦታ ብቻ ይሁን፤ ሌላውን በእግር እያወራችሁ እዩት። ቫቲካንን ለሌላ ቀን ተዉት። ሙዚየሙ ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እዚያ ከገባችሁ ከተማዋን አታዩዋትም።

ከመሄዳችሁ በፊት

ቀድማችሁ የምትገዙት የኮሎሲየምን፣ ማለትም የጥንቱን የሮማውያን ትልቅ ስታዲየም፣ ትኬት ነው። ከራሱ ከኮሎሲየም ድረ ገጽ ግዙ፤ መደበኛው ዋጋ ወደ 18 ዩሮ ሲሆን አጠገቡ ያሉትን የሮማን ፎረምን (የጥንቷን ከተማ አደባባይ ፍርስራሽ) እና የፓላቲኖን ኮረብታም ያስገባል። ትኬቱ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ስም ይጻፋል፣ በር ላይም መታወቂያ ይጠየቃል። የሁሉንም ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ሰብስቡና አንድ ሰው ይግዛ።

ገንዘብ ያዥ ምረጡ። ጠዋት ሁሉም እኩል ያዋጣ፣ ለምሳሌ 40 ዩሮ። ቡናው፣ ምሳው፣ ጄላቶው (የጣሊያን አይስክሬም) እና ሜትሮው (የምድር ውስጥ ባቡሩ) ከዚያ ይከፈላል። "እኔ ልክፈል"፣ "በፍጹም፣ እኔ ነኝ" እየተባባሉ ካሸር ፊት መጓተት ይቀራል።

ከአዲስ አበባ የመጣና አውሮፓ የሚኖር ጓደኛ አብረው ካሉ ቀጠሮውን በቃል አትተዉት። "3 ሰዓት" አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ ያመጣዋል። ግሩፑ ላይ 9:00 ብላችሁ ጻፉት። ጫማ ደግሞ ጠፍጣፋ ይሁን፤ የሮም መንገድ በትንንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ አያስኬድም።

ከቴርሚኒ ጀምሩ

መነሻችሁ የቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ይሁን። ብዙ ጎብኚ ሻንጣውን እየጎተተ የሚያልፈው ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ "የአምስቱ መቶ አደባባይ" ነው የሚባለው። አምስቱ መቶ የተባሉት እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ መታሰቢያቸው አለ፤ ከግብፅ የመጣ ሐውልት ነው። ዘርዓይ ደረስ እ.ኤ.አ. በ1938 ጎራዴውን መዞ በጣሊያኖች ላይ የተነሳውም እዚሁ መታሰቢያ ዘንድ ነው። ከመካከላችሁ ታሪክ የሚወድ ሰው አይጠፋምና እዚያ ቆሞ ይንገራችሁ። እኔ ሮም ውስጥ እንደዚህ ስፍራ ልቤን የሚነካው የለም።

ከዚያ ቡና። ቡና ቤቶቹ ውስጥ ባንኮኒው ጋ ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በብዙ ቤት መጀመሪያ ካሸሩ ጋ ይከፈልና ደረሰኙ ለቡና ቀጂው ይሰጣል።

ኮሎሲየምና የአክሱም ሐውልት የነበረበት ቦታ

በሜትሮ ቢ ከቴርሚኒ ኮሎሲየም ሁለት ፌርማታ ነው። ውስጥ ስትገቡ ተበታትናችሁ እዩ፤ ግን የመገናኛ ሰዓትና ቦታ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከኮሎሲየሙ አጠገብ ያለው የቆንስጣንጢኖስ ቅስት ጥሩ መገናኛ ነው፤ ከሩቅ ይታያል፣ ማንም አይስተውም። ውጭ "ነፃ ነው" እያለ እጃችሁ ላይ አምባር የሚያስር ሰው ከመጣ እጃችሁን አትስጡ፤ ካሰረ በኋላ ገንዘብ ይጠይቃል።

ከቅስቱ ወደ ደቡብ ለአሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ብትሄዱ ፖርታ ካፔና አደባባይ ትደርሳላችሁ። ወደ 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት ከ1937 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከስድሳ ዓመት በላይ የቆመው እዚህ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ሕንፃ መጀመሪያ የታሰበው ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 ተመልሶ ቆመ። በቦታው ላይ ቡድኑ አንድ ላይ ፎቶ ይነሳ።

ምሳ፣ በተለይ ለጿሚ

ጊዜ ለመቆጠብ ቁራጭ ፒዛ የሚሸጡ ቤቶች ይሻላሉ። ሻጩ ቢላውን ፒዛው ላይ ያስቀምጥና በዓይኑ ይጠይቃችኋል፤ "ትንሽ ጨምር" ወይም "ቀንስ" በእጅ ምልክት ይበቃል። ቆርጦ ይመዝናል፣ በክብደቱ ይከፈላል። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ ፒዛ ማሪናራ እዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት እንጂ አይብ የለውም።

ውሃ አትግዙ። በየመንገዱ ቀን ከሌት የሚፈስስ የብረት ቧንቧ አለ፤ ውሃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። አፉን በጣት ስትደፍኑት ከላይ ባለች ቀዳዳ ውሃው ወደ ላይ ይወረወራል፤ ሳትጎነበሱ ትጠጣላችሁ።

ከሰዓት በኋላ

ፓንቴዮን፣ የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ የነበረው፣ መግቢያው 5 ዩሮ ነው። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ትከሻ ይሸፈን። የጉልላቱ ስፋትና ከወለል እስከ አናቱ ያለው ቁመት እኩል 43 ሜትር ያህል ነው፤ አናቱ ክፍት ስለሆነ ዝናብ ሲዘንብ ወለሉ ላይ ይወርድና በትንንሽ ቀዳዳዎች ይፈስሳል። መሃሉ ላይ ቆማችሁ ወደ ላይ እዩ፤ አትቸኩሉ።

ትሬቪ ፏፏቴ በእግር ቅርብ ነው። ሳንቲም ወርውሩ፤ የሚሰበሰበው ለካሪታስ የበጎ አድራጎት ሥራ ይውላል። ግፊያ ስላለ ቦርሳ ወደ ፊት ይዞር። የስፔን ደረጃ ላይ ግን አትቀመጡ፤ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስቀጣል። ደረጃውን ወጥታችሁ ከላይ በግራ በኩል ወደ ፒንቾ ኮረብታ ሂዱ። ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ብትደርሱ አጥሩ ጋ ቦታ ታገኛላችሁ፤ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ፊት ለፊት ይታያል።

ለእራት ከስፔን ደረጃ ሥር ካለው ከስፓኛ ጣቢያ በሜትሮ ኤ ሦስት ፌርማታ ተጉዛችሁ ቴርሚኒ ውረዱ። በዙሪያው የሀበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ገንዘብ ያዡ የተረፈውን እዚያ ያውጣው፤ ካነሰም እዚያው ይዋጣ።