ብርጭቆ ይዞ ጎዳና ላይ፦ በአሜሪካ ሶሻል ዲስትሪክት ውስጥ እንዴት በሰላም ይጠጣል?

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ሰመር ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ መጣ። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ራሊ መሃል ከተማ፣ ፌየትቪል ጎዳና ላይ አዞርኩት። ሰዉ ቢራውን በፕላስቲክ ብርጭቆ ይዞ ይንሸራሸራል። ቆም ብሎ አየኝ።

«አንተ! እዚህ አገር ቢራ ይዞ መንገድ ላይ መውጣት ጣጣ አለው አላልከኝም?»

ብዬዋለሁ። አልዋሸሁም። በአብዛኛው የአሜሪካ ከተማ የተከፈተ መጠጥ ይዞ ጎዳና ላይ መገኘት ያስቀጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ብዙ ከተሞች መሃላቸው ላይ ጥቂት ብሎኮችን ከልለው «እዚህ ውስጥ ይቻላል» ብለዋል። ይህ ክልል ሶሻል ዲስትሪክት ይባላል። ኦሃዮ በፈረንጆቹ 2015 ሕግ አወጣችለት፤ እዚያ ስሙ ዶራ ነው። ሚሺጋን በ2020፣ ኮቪድ ሬስቶራንቶችን ባዶ ባስቀረበት ሰሞን ተከተለች። ኖርዝ ካሮላይና በ2021 ፈቀደች። ራሊ ደግሞ በኦገስት 2022 ጀመረች።

ፈቃዱን የያዘው ብርጭቆው ነው ብላችሁ አስቡት። ከትክክለኛው ቤት፣ በትክክለኛው ሰዓት ተገዝቶ፣ ከክልሉ እስካልወጣ ድረስ ማንም ምንም አይላችሁም። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን ያው ተራ የተከፈተ መጠጥ ነው። የምጽፈው በዋናነት ስለ ኖርዝ ካሮላይና ነው፤ የምኖረው እዚሁ ስለሆነ። ሌላ ስቴት ያላችሁ ዝርዝሩን ከከተማችሁ ድረ ገጽ አመሳክሩ።

1. ድንበሩን ለዩ

ክልሉ አጥር የለውም። ድንበሩ ያለው ካርታ ላይና ምሰሶ ላይ ነው። ካርታውን ከከተማው ድረ ገጽ ፈልጋችሁ ከቤት ሳትወጡ ስክሪንሾት አድርጉት። መንገድ ላይ ደግሞ ምልክቶቹን አንብቡ። ክልሉ የሚሠራበት ቀንና ሰዓት፣ የፖሊስ ስልክ፣ መጠጡም ከክልሉ ከመውጣታችሁ በፊት መጣል እንዳለበት ምልክቱ ላይ እንዲጻፍ የስቴቱ ሕግ ያስገድዳል።

እኔና የአጎቴ ልጅ ምልክቱን አላየነውም። እሱ ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ያወራልኝ ነበር፤ ያ ወሬ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ ማለቂያ የለውም። መብራቱን ተሻግረን ሃያ እርምጃ እንደሄድን አንድ ፖሊስ አየን። መጀመሪያ በጣቱ ብርጭቆዎቹን አሳየን፣ ቀጥሎ ከኋላችን ያለውን ምሰሶ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ገና ያልተጋመሱ ሁለት ቢራዎች ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ከመሻገሬ በፊት ቀና ብዬ ምሰሶ አያለሁ። የአንድ ጎዳና አንዱ ወገን ክልል ውስጥ ሆኖ ማዶው ውጭ ሊሆን ይችላልና።

ሰዓቱም ከከተማ ከተማ ይለያያል። ምልክቱ እስከ 10 ፒኤም ካለ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ከአገር ቤት ለመጣ እንግዳ ይህን አስረዱት። «እስከ አሥር ነው» ብላችሁ ከተዋችሁት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት የሚጠጣ ሊመስለው ይችላል።

2. መታወቂያ ያዙ

21 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ጸጉራችሁ ቢሸብትም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ አትቆጡ፣ እንደ ምርቃት ቁጠሩት። መንጃ ፈቃድ፣ የዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ ቢሮው) መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይበቃል። እንግዳችሁ ፓስፖርቱን ይያዝ። የቀበሌ መታወቂያ እዚህ አይሠራም። ባርቴንደሩ ልወቅ ብሎ የትውልድ ዘመኑን ቢያነበው እንኳ እንግዳችሁን ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

3. ብርጭቆውን ከነመጠጡ እዚያው ግዙ

ከቤት ይዞ መምጣት የለም። ከሱፐርማርኬት የተገዛ የጣሳ ቢራ፣ በኮዳ የተሞላ ጠጅ፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አረቄ፣ ሁሉም ክልክል ነው። መጠጡ ክልሉ ውስጥ ካለና ፈቃድ ካለው ቤት የተገዛ መሆን አለበት።

ስታዙ «ይዤ ልወጣ ነው» በሉ። ባርቴንደሩ ለዚሁ በተዘጋጀው ብርጭቆ ይቀዳላችኋል። እጃችሁ ሲገባ ዞር ዞር አድርጋችሁ እዩት። መስታወት መሆን የለበትም። ከ16 አውንስ መብለጥም የለበትም። የሸጠው ቤት ማን እንደሆነ የሚናገር ስም ወይም አርማ አለበት፣ የዲስትሪክቱ የራሱ አርማም እንዲሁ። ከዚያ በታች በኃላፊነት ጠጡ፣ 21 ዓመት ይሙላችሁ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ፊደሉ ከምን ያህል ማነስ እንደሌለበት ሳይቀር ሕጉ ደንግጓል! አንዳንድ ቤት አርማውን በስቲከር ነው የሚለጥፈው። ስቲከሩ ከተረሳ አስለጥፉ።

ሌላ ቦታ ስትሄዱ ደንቡ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል። ሳቫና፣ ጆርጂያ ታሪካዊው ሰፈር ውስጥ ለአንድ ሰው አንድ የ16 አውንስ ብርጭቆ ነው። ኒው ኦርሊንስ ከሁሉም ላላ ትላለች፤ እሷም ብትሆን ጎዳና ላይ መስታወት አትፈቅድም።

4. «ይሄን ዙር በእኔ!» የምትለዋን ግቷት

እዚህ ላይ የሐበሻ ችግር ይመጣል። አምስት ሆነን ወጥተን አንዱ ይነሳል፣ አምስቱን ተሸክሞ ሊያመጣ። ባርቴንደሩ ግን ለማያያቸው ሰዎች መሸጥ አይፈልግም። ደግሞም እውነት ነው፣ ከአምስቱ አንዱ ዕድሜው ያልሞላ ቢሆን የመሸጫ ፈቃዱን ሊያጣ የሚችለው ቤቱ ነው። የሚሻለው አብሮ መግባት፣ እያንዳንዱ መታወቂያውን ማሳየት፣ ሂሳቡን ግን አንዱ መክፈል። ክብሩም አይጎድልም፣ ወረፋውም አይጓተትም። ለአንድ ቢራ አንድ ዶላር ቲፕ የተለመደ ነው። ሃፒ አወር፣ ማለትም ለተወሰነ ሰዓት ብቻ የመጠጥ ዋጋ መቀነስ፣ አትጠብቁ፤ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በሕግ የተከለከለ ነው።

5. ብርጭቆውን አትናቁት

16 አውንስ 473 ሚሊ ሊትር ነው። የአገራችን የጠርሙስ ቢራ 330 ነው። አንድ ብርጭቆ ማለት እንግዲህ አንድ ጠርሙስ ተኩል ሊሆን ምንም አልቀረው።

ይህ እንኳ ቢራው የለመድነው ዓይነት ከሆነ ነው። እዚህ የሚወደደው አይፒኤ የሚባለው መራራ ቢራ ብዙ ጊዜ 7 በመቶ አልኮል አለው። አሜሪካኖች «አንድ መጠጥ» የሚሉት 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለበትን ነው። ሙሉ ብርጭቆ የ7 በመቶ አይፒኤ 26 ግራም ገደማ ይይዛል። አንድ ጠጣሁ ብላችሁ ሁለት ጠጥታችኋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ፀሐይ አለ፣ የእግር ጉዞ አለ። ባዶ ሆድ አትውጡ። እኔ ከሁለት ብርጭቆ መሃል አንድ ሙሉ ውሃ እጠጣለሁ። የአጎቴ ልጅ ሳቀብኝ፤ ማታ ራሱን ሲያመው ግን ውሃ ፍለጋ ማድቤት የገባው እሱ ነው።

6. ሱቅና ሌላ ባር ስትገቡ

አንዳንድ ሱቆች መጠጥ ይዞ መግባት ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ አይፈቅዱም። በር ላይ ወይም መስኮት ላይ ምልክት ይለጥፋሉ። ምልክት ከሌለ ጠይቁ። ከአንዱ ባር የገዛችሁትን ይዛችሁ ሌላ ባር አትግቡ፤ ደጅ ላይ ጨርሳችሁ ግቡ። ጭቅጭቅ አታተርፉም።

7. ወደ ቤት

ብርጭቆው ከነመጠጡ ከክልሉ አይወጣም፣ መኪና ውስጥም አይገባም። መኪና ማቆሚያው ከክልሉ ውጭ ሊሆን ስለሚችል ካርታውን በዚህም ዓይን እዩት። ከጠጣችሁ አትንዱ። ኡበር ወይም ሊፍት የምትጠሩበትን ቦታ ከሞቅታው በፊት ምረጡ።

ይህን ለእኛ ሰው ጠበቅ አድርጌ የምናገረው በምክንያት ነው። እዚህ ዕድሜው 21 ለሞላ ተራ ሾፌር በደም ውስጥ የሚገኘው አልኮል ገደቡ 0.08 በመቶ ነው፣ የንግድ መኪና ለሚነዳ ግን 0.04። ትራክ የሚነዱ ወንድሞቻችን ስንት እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ እንጀራቸው ያለው በዚያች ፈቃድ ላይ ነው። ግሪን ካርድ ላላቸው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ ታስረህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ብሎ ይጠይቃል። ከ2019 ጀምሮ በሚቆጠርላችሁ የመኖሪያ ጊዜ ውስጥ ጠጥቶ በማሽከርከር ሁለት ጊዜ መፈረድ «መልካም ጠባይ የለውም» ለመባል በር ይከፍታል። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ባዶውን ብርጭቆ ግን ለማስታወሻ መያዝ ትችላላችሁ። አጥቦ፣ ከቤት ቢራ ሞልቶ ተመልሶ መምጣት ነው የማይቻለው። የአጎቴ ልጅ የራሱን በካልሲ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተው። አሁን ሰሚት ቤቱ የጥርስ ብሩሽ ይቀመጥበታል፤ አርማውን ወደ በሩ አዙሮ።