ቀልብን ሰብስቦ በክራር እዚያው በዚያው ዜማ መፍጠር

ጣታቸው ፈጣን ሆኖ፣ ለብቻቸው ሲጫወቱ ግን ሁሌ ያንኑ ዜማ የሚደጋግሙ የክራር ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። የጎደላቸው የጣት ልምምድ አይደለም። ጣታቸው ጆሯቸውን ጥሎት ሄዶ ነው።

መጀመሪያ ክራሩን በትዝታ ሜጀር ቅኝት ቃኙ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ስድስተኛው አውታር ዶን በኦክታቭ፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ ከፍ አድርጎ፣ ይደግማል። የስልክ መቃኛ ለአንዱ አውታር ይበቃል፤ የቀሩትን በጆሮ ፈልጓቸው። ስልኩ ሁሉንም ከቃኘላችሁ ጆሯችሁ ሥራ ፈቶ ይቀራል።

ከዚያ ስልኩን አጥፉና ዶን ብቻ ምቱ። ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ስሙት። ቀልባችሁ እስኪሰበሰብ ድገሙት።

ዋናው ሥራ አሁን ነው። ሦስት አራት ድምፅ ያላት አጭር ዜማ በአፋችሁ አንጎራጉሩ። ቀጥሎ በክራሩ ፈልጓት። ጣት የለመደው መንገድ አለው፤ እናንተ ላ እያላችሁ እሱ ወደ ሶል ይሄዳል። ያኔ አትቀጥሉ። ደግማችሁ አንጎራጉሩ፣ ደግማችሁ ፈልጉ።

ሲገጥምላችሁ ደግሞ ወዲያው ሌላ አትጨምሩ። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም በሉ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው፤ ዝምታው ባዶ ስለሚመስል በልማድ ይሞላዋል። የሚቀጥለው ዜማ ግን የሚሰማው በዚያች ፋታ ነው። ካልመጣ የቀድሞውን ድገሙና መጨረሻውን ብቻ ለውጡ።

አዝማሪ ቤት የገባ ይህን ያውቀዋል። ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ሰምቶ ያዜመዋል። በስንኞቹ መሃል ማሲንቆው ብቻውን ሲሄድ አዝማሪው ለሚቀጥለው ፋታ ያገኛል። ሳይሰማ አይመልስም።

ያላሰባችሁት አውታር ቢመታ አትደንግጡ። ክራሩ በትክክል ከተቃኘ ከቅኝቱ የሚወጣ አውታር የለም። ሆን ብላችሁ ድገሙትና ከእሱ ቀጥሉ።

ከዩቲዩብ ማጀቢያ ጋር መለማመዱን ለጀማሪ አልመክርም። ማጀቢያው አይጠብቃችሁም፤ ያችን ፋታ ይነጥቃችኋል። ከጓደኛ ጋር እየተቀባበሉ መጫወት በጣም ይሻላል።

ይህ ሲቀላችሁ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፤ ትዝታ ማይነር ይሆናል። እንደገና ከማንጎራጎር ጀምሩ። ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። የአንቺሆዬን ቅኝት ግን በአፋችሁ ሳትደናቀፉ ማንጎራጎር እስክትችሉ አቆዩት።