የአኒሜሽን ደረጃዎችን በሪአክቲቭ ፕሮግራሚንግ ስናያይዝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ከጀማሪ የጌም ፕሮግራመሮች ጋር ስንቀመጥ የምንሠራው ገበጣን ነው፤ ጠጠሮቹ አንድ በአንድ በየጉድጓዱ መውደቅ፣ የመጨረሻው ካረፈ በኋላ የተበሉት መሰብሰብ፣ ከዚያም ነጥቡ መቆጠር ስላለበት፣ በዩኒቲ (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) እና በዩኒአርኤክስ (ለሪአክቲቭ ፕሮግራሚንግ፣ ማለትም በጊዜ ሂደት ከምንጭ ለሚመጡ እሴቶች ምላሽ የሚሰጥ ኮድ ለመጻፍ የሚያገለግል የዩኒቲ ላይብረሪ) የአኒሜሽን ደረጃዎችን ማያያዝን ለማስተማር ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ትዕግሥቴን ደጋግሞ የሚፈትነው ስህተት ሴሌክትሜኒ (SelectMany) የተባለውን የዩኒአርኤክስ ትእዛዝ «ይህ ሲያልቅ ያንን ጀምር» ብሎ መረዳት ነው። ሴሌክትሜኒ መጨረሻን አይጠብቅም፤ ከምንጩ አንድ እሴት በመጣ ቁጥር ቀጣዩን ሥራ እንደ አዲስ ይጀምራል። የጠጠሩ ጉዞ በየፍሬሙ (ጨዋታው በሚያሳየው በእያንዳንዱ ምስል) ያለበትን ቦታ የሚልክ ከሆነ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም በሚሄድ ጨዋታ ላይ የግማሽ ሰከንድ ጉዞ 30 ያህል እሴት ይልካል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ጠጠር 30 ጊዜ፣ ሦስተኛው ደግሞ 900 ጊዜ ያህል ይነሣል። አንድ ጎበዝ ልጅ ጠጠሮቹ ሲንቀጠቀጡ አይቶ የፍጥነቱን ቁጥር ሲቀያይር አመሸ፤ ችግሩ ግን ፍጥነቱ ላይ አልነበረም። እባካችሁ፣ የምትፈልጉት ተራ ከሆነ ምንጮችን በተራ የሚያያይዘውን ኮንካትን (Concat) ተጠቀሙ፤ እርሱ ቀጣዩን ሰብስክራይብ የሚያደርገው (ማለትም እሴቶቹን መቀበል የሚጀምረው) የፊተኛው ኦንኮምፕሊትድ (የ«ጨርሻለሁ» ምልክት) ሲልክ ብቻ ነው። የፊተኛው ውጤት ለቀጣዩ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ከሴሌክትሜኒ በፊት የመጨረሻውን እሴት ብቻ የሚያሳልፈውን ላስትን (Last) አስገቡ።

ኮንካትም ቢሆን በየፍሬሙ ያለማቋረጥ እሴት እንደሚልከው ኤቭሪአፕዴት (EveryUpdate) ያለ የማያልቅ ምንጭ ከተሰጠው ቀጣዩን ፈጽሞ አይጀምርም።

እኔ ራሴ ለቀናት የደከምኩበት ስህተት ሌላ ነው። ጠጠሩን የሚያንቀሳቅሰው ፈንክሽን እንደተጠራ ሥራውን የሚጀምር ከሆነ፣ ሰንሰለቱ ገና ሲገነባ ጠጠሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ይነሣሉ፤ ኮንካት ተራ የሚያስጠብቀው ሰብስክራይብ ማድረጉን እንጂ አስቀድሞ የተጀመረን ሥራ አይደለምና። ፈንክሽኑን ሰብስክራይብ እስኪደረግ ሥራውን በሚያዘገየው በዲፈር (Defer) ጠቅልሉት፤ የጠጠሩን መነሻ ቦታም እዚያው ውስጥ አንብቡ፣ አለዚያ ጠጠሩ ቀደም ብሎ ወደነበረበት ቦታ ዘሎ ይመለሳል።

ሰንሰለቱን ከጠጠሩ ዕድሜ ጋር አስሮ ጠጠሩ ሲጠፋ የሚያቆመውን አድቱን (AddTo) አትርሱ፤ ያለእርሱ ትዕይንቱ ከተቀየረ በኋላ የሚቀጥል ሰንሰለት የጠፋን ጠጠር ፈልጎ ስህተት ይጥላል።

ታይምስኬልን (የጨዋታውን የጊዜ ፍጥነት) ዜሮ አድርጎ ጨዋታውን የሚያቆም ሰው የማቆሚያው ገጽ አኒሜሽንም አብሮ እንዳይቆም ታይመሩን ታይምስኬልን በማይከተለው ስኬጁለር (ሥራው መቼ እንደሚካሄድ የሚወስነው ክፍል) ላይ ያድርገው።

በመጨረሻም፣ ተጫዋቹ ጠጠሮቹ ሳያርፉ ደግሞ ሲነካ ሁለተኛ ሰንሰለት ይጀመርና ሁለቱ በአንድ ጠጠር ላይ ይሻማሉ፤ ገበጣ የተራ ጨዋታ ስለሆነ ኦንኮምፕሊትድ እስኪደርስ ንክኪውን አለመቀበል ይበቃል።