የቴኒስ ራኬት ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ራኬቶች ሚዛን ላይ እኩል 300 ግራም ቢመዝኑም እጅ ላይ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። አንዱ ሲወዛወዝ ላባ ነው፤ ሌላው ክንድ ይጎትታል።

ግራሙን ብቻ መቁጠር። ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ስንት ተጨመረ ከሚለው ይልቅ የት ተጨመረ የሚለው ይበልጣል። 1 ግራም ሊድ ቴፕ (ክብደት ለመጨመር የሚለጠፍ የእርሳስ ብረት ቴፕ) የራኬቱ ጭንቅላት ጫፍ ላይ ቢለጥፉ የራኬቱ ሚዛን ወደ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ስዊንግ ዌይት የሚባለው፣ ሲወዛወዝ የሚሰማው ክብደት ደግሞ 3 ነጥብ ያህል ይጨምራል። ያንኑ 1 ግራም እጀታው ላይ ቢያደርጉት ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። የጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ጎን ላይ ሲለጠፍ ግን ሥራው ሌላ ነው፦ ኳሷ ከመሃል ወጣ ብላ ስታርፍ ራኬቱ እንዳይጠመዘዝ ይይዘዋል። ስለዚህ ቮሊ ላይ (ኳሷ መሬት ሳትነካ ሲመታ) ራኬቱ እየዞረ የሚያስቸግረው ሰው ቴፑን ጫፉ ላይ ቢለጥፍ ራኬቱ ይከብደዋል እንጂ ችግሩ አይለቀውም።

በአንዴ ብዙ መለጠፍ። በሁለቱም ጎን 1፣ 1 ግራም ለመነሻ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያታልላሉ፤ የከበደ ራኬት ሲጀምሩት ደስ ይላል። ፍርዱን በጨዋታው ሁለተኛ ሴት (ዙር) ላይ፣ ክንድዎ ሲዝል ይስጡ። ኳሷን ዘግይተው መምታት ከጀመሩ በዝቷል ማለት ነው። ቴፑ ሊድ ስለሆነ መርዛማ ነው፤ ከነኩት በኋላ እጅዎን ይታጠቡ።

ክሩንም ቴፑንም በአንድ ቀን መቀየር። ከዚያ የትኛው ምን እንዳመጣ አይታወቅም። በእኔ እምነት መጀመር ያለበት ከክሩ ነው። ብዙ ሰው ክር ሲጠብቅ ኳስ የሚፈጥን ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ላላ ያለው ኳሷን ያርቃል፣ ለክንድም ይለሰልሳል፤ የጠበቀው ለቁጥጥር ይሻላል። ፖሊስተር ክር ደግሞ ሳይበጠስ በፊት ይሞታል፣ ማለትም ውጥረቱን ያጣል፤ ስላልተበጠሰ ብቻ ደህና ነው አይበሉ።

የእጀታ መጠቅለያ መደራረብ። አንድ ኦቨርግሪፕ (እጀታው ላይ የሚጠቀለል ስስ መጠቅለያ) 5 ግራም አካባቢ ነው፤ እጀታውንም ያወፍራል። ሁለት ሦስት ሲደረብ የእጀታው ጠርዞች ይጠፋሉ። ጣቶችዎ ራኬቱ ወዴት እንደዞረ የሚያውቁት ግን በነሱ ነው።

ዳምፕነር (ክሮቹ መሃል የሚሰካው ትንሽ ጎማ) የክንድን መታጠፊያ ያድናል ብሎ ማመን። የሚቀይረው በዋናነት ድምፁን ነው። ክንድ የሚመታው ንዝረት እንዳለ ይቀራል። የክንድዎን መታጠፊያ ካመመዎት ክሩን ያለስልሱ። ዳምፕነሩን የሚወዱት ከሆነ ግን ክሮቹ ከሚጠላለፉበት ቦታ ውጭ ያድርጉት፤ ሕጉም የሚለው እንደዚያ ነው።