43 ስንት ነው? በጋይገር ቆጣሪ ለምትለኩ

የጋይገር ቆጣሪው (ጨረርን አንድ በአንድ የሚቆጥረው መሣሪያ) 43 ሲላችሁ ደብተራችሁ ላይ 43 ብላችሁ ብቻ አትለፉ። እኔ እንዲያ አድርጌ አፍሬበታለሁ።

በቤተ ሙከራ ረዳትነት በተቀጠርኩበት ዓመት አንድ ነጋዴ የዱቄት ወተት ይዘው መጡ፤ "ጨረር እንዳለበት እዩልኝ" ብለው። ባዶውን ሳህን ከቆጣሪው ሥር አድርጌ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 29 ሆነ። ወተቱን ጨምሬ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 43። እየሮጥኩ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። እሳቸው ቁጥሮቹን አዩና "ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቁጠርና ተመለስ" አሉኝ። ወተቱ 972፣ ባዶው ሳህን 945 ሆኖ አረፈው። በደቂቃ ሲካፈል አንድ ቆጠራ እንኳ የማይሞላ ልዩነት! ነጋዴው ያን ሁሉ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ግንባራቸውን ይጠርጉ ነበር። (ለምግብ ምርመራ የሚሻለው ጨረሩን በጉልበቱ የሚለየው የጋማ ስፔክትሮሜትር ነው፤ ጋይገር ለዚያ ሥራ ደካማ ነው። ያን ጊዜ ይህንንም አላውቅም ነበር።)

ቆጣሪው ግን አልተበላሸም። ክረምት ሊገባ ሲል ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚያርፉትን የመጀመሪያ ጠብታዎች አድምጡ፤ ሦስቱ ተከታትለው ጠብ ጠብ ይሉና ዝም ይላል፣ ከዚያ አንድ ብቻ፣ ከዚያ አምስት በአንድ ጊዜ። ጨረር የሚሰጠው የአቶሞች መፍረስም እንደዚሁ ነው፤ አንዱ ሲፈርስ ሌላው አይሰማም። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ራዘርፎርድና ጋይገር በ1910 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ፖሎኒየም ከተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚወጡትን የአልፋ ቅንጣቶች በየ7.5 ሰከንዱ እየከፈሉ 2,608 ጊዜ ቆጥረዋል። አማካዩ 3.87 ሆኖ ሳለ በ57ቱ ውስጥ አንድም ቅንጣት አልታየም። አበታተኑ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፗሶን ካወጣው ቀመር ጋር ይገጥማል። ከዚያ ቀመር ለዕለት ሥራችን የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፦ የአንድ ቆጠራ ስህተት (ጥፋት ማለቴ አይደለም፣ የሚዋዥቅበት መጠን ነው) የራሱ የቆጠራው ዳግም ዘር ነው፤ ዳግም ዘር በራሱ ሲባዛ ቆጠራውን የሚሰጠው ቁጥር ነው። 100 ከቆጠራችሁ ስህተቱ 10፣ ማለትም 10 በመቶ ነው። 10,000 ከቆጠራችሁ 100 ነው፤ 1 በመቶ። ስህተቱን በአሥር እጅ ለማሳነስ መቶ እጥፍ ጊዜ መቀመጥ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ሥራውን የምትጀምሩት ምንም ናሙና ሳታስቀምጡ ነው። ግድግዳው፣ አፈሩና ሰማዩ የሚሰጡትን ጨረር ለአንድ ደቂቃ አሥር ጊዜ ቁጠሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከሕዋ የሚመጣው ድርሻ ከወደብ ከተሞች ይበልጣል፤ ስለዚህ ከመጽሐፍ የተገኘ ቁጥር አትዋሱ። ባለፈው ሳምንት እኔ ያገኘሁት ይህ ነው፦ 31፣ 26፣ 38፣ 29፣ 33፣ 24፣ 35፣ 30፣ 27፣ 37። ድምሩ 310፣ አማካዩ 31። የ31 ዳግም ዘር 5.6 ገደማ ነው። ከአሥሩ ሰባቱ ከ31 በ5.6 ክልል ውስጥ ናቸው፣ ሦስቱ ወጥተዋል። እንዲህ መሆን ነው ያለበት፤ በአማካይ ከሦስት አንዱ ይወጣል።

አንድ ተማሪ 38ቱን "የተሳሳተ ነው" ብሎ በላጲስ ሲያጠፋው እጁን ያዝኩት። ሌላዋ ደግሞ 30፣ 31፣ 31፣ 30፣ 32፣ 31፣ 30 የሚል ንጹሕ ሰንጠረዥ አምጥታ አስረከበችኝ። ቆጣሪውን አብርተሽው ነበር ወይ አልኳት። ሳቀች። ሐሰተኛ ቁጥር የሚታወቀው በመዋዠቁ ሳይሆን ባለመዋዠቁ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ዳግም ዘር የሚወሰደው ከጠቅላላ ቆጠራው ነው፣ ለደቂቃ ከተካፈለው አይደለም። የ310 ዳግም ዘር 17.6 ነው፤ ለ10 ደቂቃ ሲካፈል 1.8። ስለዚህ የአካባቢው ጨረር በደቂቃ 31.0 ± 1.8 ነው። ከ31 ላይ ዳግም ዘር ወስዶ 5.6 የሚጽፍ ሰው የአሥር ደቂቃ ድካሙን ሜዳ ላይ ጣለው።

አሁን ናሙናውን አስቀምጡ። ለማስተማሪያ የምወደው የፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በተፈጥሮ ጨረር የሚሰጠው ፖታሲየም-40 አለበት፣ ማንንም አያስፈራም። በ10 ደቂቃ 452 ሰጠኝ። 310ን ስንቀንስ 142 ይቀራል። ስህተቱ ግን የ142 ዳግም ዘር አይደለም! ቁጥሮቹ ሲቀናነሱ ስህተታቸው አይቀናነስም፤ ሁለቱ ቆጠራዎች ተደምረው፣ 762፣ ከዚያ ዳግም ዘሩ ይወሰዳል፦ 27.6። ውጤቱ 142 ± 28 ነው፤ ልዩነቱ የስህተቱን አምስት እጥፍ ስለሆነ ጨረር አለ ብዬ እፈርማለሁ። የእኔን ወተት በዚሁ ሚዛን አስቀምጡት፦ 43 ሲቀነስ 29 ይሆናል 14፤ የ72 ዳግም ዘር 8.5 ነው። ሁለት እጥፍ እንኳ አልሞላም። ለዚህች ልዩነት ነው ነጋዴውን ኮሪደር ላይ ያስቆምኩት። ልዩነቱ ከዜሮ በታች ቢወጣም እንዳለ ጻፉት፤ ዜሮ አታድርጉት።

ይህ የሚሠራው የናሙናውና የባዶው ጊዜ እኩል ሲሆን ነው። እኩል ካልሆኑ እያንዳንዱን ስህተት በየራሱ ደቂቃ አካፍላችሁ፣ በራሱ አባዝታችሁ ደምሩና የድምሩን ዳግም ዘር ውሰዱ። ናሙናው ጠንካራ ከሆነ ጊዜውን እኩል ማካፈል አያስፈልግም፤ ቆጠራው የአካባቢውን ዘጠኝ እጥፍ ከሆነ የዘጠኝ ዳግም ዘር ሦስት ነውና ከ40 ደቂቃ 30ውን ለናሙናው፣ 10ሩን ለባዶው ስጡ።

በጣም ጠንካራ ሲሆን ሌላ ጣጣ ይመጣል። የጋይገር ቱቦ አንዱን ቅንጣት ከቆጠረ በኋላ ለአፍታ ይደነዝዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ 100 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ። በሰከንድ 500 ካሳያችሁ ከሰከንዱ 5 በመቶውን ደንዝዞ ነበር ማለት ነው፤ 500ን ለ0.95 ስታካፍሉ እውነተኛው 526 ይሆናል። ይህን ስህተት ሌሊቱን ሙሉ ብትቆጥሩም አታጠፉትም።

ርቀትም እንደዚሁ ነው። ትንሽ ምንጭ በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ አስቀምጣችሁ በአንድ ሴንቲ ሜትር ብታርቁት ቆጠራው 17 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ 10,000 ቆጥሬ 1 በመቶ ደረስኩ የሚለው ኩራት እዚያው ይቀራል። እኔ የሳህኑን ቦታ ጠረጴዛው ላይ በነጭ ፕላስተር ምልክት አድርጌበታለሁ። የጽዳት ሠራተኛችን ቆሻሻ መስሏት ሁለት ጊዜ ልጣ ጥላዋለች፤ አሁን በምስማር ጭሬዋለሁ።