ጥቁሩን ሳትነኩ ቅኝት እንዴት ትጀምራላችሁ

ሙዚቃ ሲጀምሩ ብዙዎች ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ፍለጋ ይሮጣሉ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አራት ኮርድ ይዤ ትዝታ ለመጫወት ስታገል፣ የምጫወተው ነገር ትዝታ ትዝታ አይልም ነበር። የጎደለኝ ቅኝት ነው፤ ዜማው የሚሠራባቸው አምስት ድምፆችና የሚያርፍበት ድምፅ። ዋናዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ስለዚህ ከቅኝት እንነሳ። ኪቦርድ ከሌላችሁ ስልካችሁ ላይ የፒያኖ አፕ ጫኑ፤ ለመነሻ ይበቃል።

መጀመሪያ ዶን ፈልጉ። ጥቁሮቹ ቁልፎች አንዴ ሁለት፣ አንዴ ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ተጠግቶ ያለው ነጭ ዶ ነው። ከዚያ ነጮቹን ይዛችሁ ወደ ቀኝ ሂዱ፦ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፤ ከዚያ እንደገና ዶ። ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት፣ ጥቁርም ሆነ ነጭ፣ ግማሽ ድምፅ ይባላል። በሚና በፋ፣ በሲና በዶ መካከል ጥቁር የለም። እነሱ የሚራራቁት በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ይቺን ያዙልኝ።

አሁን ፋንና ሲን ዝለሏቸው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ይሄ ከሁለቱ የትዝታ ዓይነቶች አንዱ፣ ትዝታ ሜጀር ነው። ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ውረዱ፣ ሁልጊዜ ዶ ላይ እረፉ። እየተጫወታችሁ በአፋችሁም አዚሙት። ድምፄ አያምርም ብላችሁ እንዳትተዉት፤ የሚሠለጥነው ጆሯችሁ ነው።

የሚቀጥለውን ሳውቅ ዓይኔ የበራ ያህል ነው የተሰማኝ። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ሳትቀይሩ ከላ ተነሱ፣ ላ ላይ እረፉ፦ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ባቲ ማይነር ሆነ! አንድም ቁልፍ አልተለወጠም። የተለወጠው ቤቱ ነው፤ ዜማው የትም ዞሮ የሚገባበት ድምፅ። ልዩነቱ ካልተሰማችሁ በግራ እጃችሁ ዝቅ ያለውን ላ ተጭናችሁ ያዙ፣ በቀኝ እጃችሁ እላዩ ላይ ተጫወቱ። ከዚያ የግራውን ወደ ዶ ቀይሩት። ያው ዜማ ሌላ ስሜት ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛ ሙከራ፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ይሄ ሁለተኛው የትዝታ ዓይነት፣ ትዝታ ማይነር ነው። አሁን ሚን ቤት አድርጉት፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። አምባሰል! ያቺ የሚና የፋ ግማሽ ድምፅ ትዝ አለቻችሁ? እዚህ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ፋ ላይ ትንሽ ቆዩና ወደ ሚ ውረዱ። አምባሰልን አምባሰል ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ ይሄ መውረድ ነው።

ቅኝት የሚለው ቃል ራሱ የመጣው «ከመቃኘት» ነው። ክራር ደርዳሪ ቅኝት ሲቀይር ክሮቹን እያጠበቀና እያላላ እንደ አዲስ ይቃኛል። ኪቦርድ ላይ ይሄ ድካም የለም፤ ግን በዚያው ልክ ጆሮ ይሰንፋል። ክራር ካገኛችሁ አንድ ጊዜም ቢሆን ራሳችሁ ቃኙት።

ምቱን ረስቼ አይደለም። ችክችካ ለሚባለው የጭፈራ ምት ከ1 እስከ 6 ቁጠሩ፣ 1 እና 4 ላይ እግራችሁን ምቱ። በቃ፣ ለጊዜው ይሄው ነው።

በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፣ ግን በየቀኑ ይሁን። አንድ ቅኝት ላይ ሳምንት ቆዩ። ከዚያ የምትወዱትን ዘፈን ክፈቱና አብራችሁ እያንጎራጎራችሁ ቤቱን ፈልጉ፤ ዘፋኙ ሐረጉን ጨርሶ የሚያርፍበትን ድምፅ። ኪቦርዱ ላይ እስክታገኙት ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞክሩ። የመጀመሪያው ዘፈን ግማሽ ሰዓት ቢፈጅባችሁ አትደንግጡ።

አንቺሆዬን ለመጨረሻ ያቆየሁት ጥቁሮቹን ስለሚፈልግ ነው። ሚ፣ ፋ፣ ላ ካላችሁ በኋላ ከሲ በስተግራ ያለውን ጥቁር፣ ቀጥሎ ከላይኛው ዶ በስተቀኝ ያለውን ጥቁር ንኩ። መጀመሪያ ለጆሮ ይከብዳል። አምባሰልን ሳታዩ መጫወት ስትችሉ ጀምሩት።